የደኑ ሀብትና የባለ እጁ ክብር

የአንድ አገር ሀብት ከሁለት ወገን ይገኛል፤ አንደኛው እግዚአብሔር በምድሪቱ ላይ ያኖረው ነው፥ ሁለተኛውም ሰው በእጁና በልቡናው የሚጨምርበት ነው። ከሁለቱ አንዱ ብቻውን ሲሆን ጥቅሙ ይጎድላል። ዛፍ ቢኖር ጠራቢ ከሌለ ማገዶ ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ጠራቢም ቢኖር ዛፍ ካለቀ ጥበቡ በልቡ እንደ ታሰረ ወደ መቃብር ይወርዳል። ስለዚህ ደንን እጠብቃለሁ የሚል ሹም ከደኑ የሚሠራውን ባለ እጅ ሊረሳው አይገባም፤ የእጅ ሥራን እወዳለሁ የሚልም ሰው የዛፉን መጨረሻ ሳይመለከት ሊቀር አይገባውም።

ይህ ነገር ጎልቶ የሚታየው በኢትዮጵያ ደቡብ ምዕራብ፥ በጅማ፥ በካፋ፥ በሸካ፥ በቤንችና በኢሉ አባ ቦር ባለው የደን አገር ነው። ዓለም ሁሉ ዐረቢካ እያለ የሚጠራው ቡና የበቀለው በዚህ ደን ጥላ ሥር ነው፤ ይህንንም የማያውቅ እምብዛም አይገኝም። ነገር ግን ቡናው የሚወቀጥበትን ሙቀጫ፥ የሚፈላበትን ጀበና፥ ጠጪው የሚቀመጥበትን በርጩማ፥ ማሩ የሚቆረጥበትን ቀፎ የሠራው ማን እንደ ሆነ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ቡናው ስም አገኘ፤ ደኑም ስም አገኘ፤ ባለ እጁ ግን እስከ ዛሬ ድረስ መልካም ስም አላገኘም፤ በብዙ ስፍራ የተሰጠው ስም ስድብ ነው።

የደኑ ስም መነሣቱ መልካም ነው። ዩኔስኮ የሚባለው የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት የካፋንና የያዩን ደን በ2002 ዓ.ም.፥ የሸካንም ደን በ2004 ዓ.ም. ተጠብቀው እንዲኖሩ በዓለም መዝገብ ጽፏቸዋል። የካፋው ጥብቅ ስፍራ ብቻውን ወደ 760 ሺህ ሄክታር ይጠጋል። ይሁን እንጂ የዚህ ዐይነቱ ስፍራ ሥርዓት ሰውን ከደን አስወጥቶ አጥር ማጠርን አያዝም። ስፍራው በሦስት ይከፈላል፤ ማንም የማይነካው ውስጠኛው ደን አለ፤ በዙሪያው ሰው በልክ የሚጠቀምበት ደን አለ፤ ከዚያም ወዲያ ሕዝብ የሚኖርበት፥ የሚያርስበትና የሚሠራበት ምድር አለ። ሥርዓቱ ራሱ ሰው ከደኑ ጋራ እንዲኖር ያሰበ ከሆነ፥ ከደን ጋራ በልክ የመኖርን ዕውቀት ማን ይዞት እንደ ቆየ መመርመር የሹማምንት ሥራ ነው። ቢመረመርም ዕውቀቱ ከሚገኝባቸው ሰዎች መካከል ጠራቢው፥ ቀርከሃ ሠሪው፥ ቀፎ ሰቃዩና ሸክላ ሠሪዋ ይገኛሉ።

በመጀመሪያ ጠራቢውን መመልከት ነው። ሊቅ የመጽሐፉን ንባብ እንደሚለይ ጠራቢም የዛፉን ጠባይ ይለያል። ዋንዛ ለመሮ የሚታዘዝ፥ ከደረቀም በኋላ እምብዛም የማይጣመም ስለ ሆነ ለበርጩማ፥ ለገበቴ፥ ለከበሮና ለበር ይመርጠዋል። ቀረሮ ረጅምና ቀጥ ያለ ስለ ሆነ ለሳንቃ ይለየዋል። ወይራ ጠንካራ ስለ ሆነ ለዘነዘናና ለመሣሪያ እጀታ ያደርገዋል። ጎባጣ ዕቃ ለመሥራት ያሰበ እንደ ሆነም ቀጥ ያለውን ዕንጨት በግድ አያጎብጠውም፤ ከዛፉ ላይ እግዚአብሔር ጎባጣ አድርጎ ያሳደገውን ቅርንጫፍ ፈልጎ ያገኛል፤ የዕንጨቱ ጅማት ጕብጠቱን ተከትሎ የሄደ ስለ ሆነ ቶሎ አይሰበርምና። ደኑ መምህሩ፥ ዛፉም መጽሐፉ ነው ማለት በዚህ ምክንያት ነው።

የጅማ በርጩማ የዚህ ትምህርት ምስክር ነው። ያለ ሚስማርና ያለ ማጣበቂያ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ ይወጣል፤ መቀመጫው ጎድጎድ ያለ፥ እግሩም ሦስት ነው። እግሩ ሦስት መሆኑ ለጌጥ ብቻ የተደረገ የሚመስለው ሰው ቢኖር ተሳስቷል። የአፈር ወለል ወጣ ገባ ስለ ሆነ አራት እግር ያለው ወንበር አንዱ እግሩ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል፤ ሦስት እግር ያለው ግን በማናቸውም ወለል ላይ ይረጋል። ይህን በትምህርት ቤት የጂኦሜትሪ መምህር በሰሌዳ ላይ የሚያስረዳውን ነገር የጅማ ጠራቢ በመጥረቢያው ሲያስረዳ ኖሯል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር በጅሬን ኮረብታ ላይ ያሠሩት ቤተ መንግሥትም እስከ ዛሬ ቆሞ የዕንጨት ሥራ በዚያ አገር ምን ያህል ክብር ሊደርስ እንደሚችል ያሳያል።

ሁለተኛው ቀርከሃ ነው። ኢትዮጵያ ሁለት ዐይነት ቀርከሃ አላት፤ እነርሱም የደጋና የቆላ ቀርከሃ ይባላሉ። በሸካ በማሻና በአንድራቻ ከፍታ የሚገኘው የደጋው ነው። ቀርከሃ ከዛፍ ሁሉ የሚለይበት ጠባይ አለው፤ ቡቃያው በጥቂት ወራት ቁመቱን ይጨርሳል፥ ነገር ግን ጠንክሮ ለሥራ እስኪበቃ ድረስ ሦስት ዓመት ያህል ይፈልጋል። ሳይደርስ የተቆረጠ እንደ ሆነ ነቀዝ ይበላዋል፤ ከዚያ የተሠራውም ወንበርና ቅርጫት ሳይቆይ ዱቄት ይሆናል። በሌላ ወገን የደረሰው ሳይቆረጥ ቢቀር በቦታው ደርቆ ሥሩን ያጨናንቃል፥ አዲሱንም ቡቃያ ይከለክላል። ስለዚህ የቀርከሃን ዕድሜ በመልኩና በድምፁ ለይቶ የደረሰውን ብቻ የሚቆርጥ ባለ እጅ ለጫካው እንደ አትክልተኛ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ግን ወጣቱንና ሽማግሌውን ሳይለይ ጠርጎ ይቆርጣል፤ ጫካውም ይደክማል።

ሦስተኛው ቀፎ ሠሪውና ማር ቆራጩ ነው። በካፋና በሸካ ቀፎው እንደ ከበሮ ድቡልቡልና ረዘም ያለ ሆኖ ከግንድ ወይም ከቀርከሃና ከሐረግ ይሠራል፤ ከዚያም በገመድ ተወጥቶ በረጅም ዛፍ ላይ ይሰቀላል። ከገተማ አበባ ነጭ ማር፥ ከሌላውም አበባ እንደየወቅቱ ሌላ መልክ ያለው ማር ይቆረጣል። በሸካ ኮቦ የሚባል የቆየ ሥርዓት አለ፤ ደኑ በየክፍሉ ተለይቶ ቀፎ የመስቀል መብት ለየባለቤቱ የሚታወቅበት ነው። ቀፎ የሰቀለ ሰው ዛፉ እንዲወድቅ አይወድም፤ ገተማው ከወደቀ የማሩ አበባ ይጠፋልና። ዘበኛ ሳይቀጠርና ደመወዝ ሳይከፈል ደኑ የተጠበቀበት አንዱ መንገድ ይህ ነበር።

አራተኛዋ ሸክላ ሠሪዋ ናት። ይህ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ የሴቶች ነው። ጭቃውን ከሚታወቅ ጕድጓድ ታወጣለች፤ በእሳት ጊዜ እንዳይሰነጠቅ የደቀቀ ገል ትቀላቅልበታለች፤ ያለ መዘውር በእጇ ብቻ እየዞረች ታቆመዋለች፤ ፀሓይ ድንገት እንዳይመታው በጥላ ቀስ ብላ ታደርቀዋለች፤ በመጨረሻም በሜዳ ላይ በዕንጨትና በሣር ትተኩሰዋለች። በዚህ ሁሉ ውስጥ የሚለካበት መሣሪያ የላትም፤ መለኪያዋ ጣቷና ዐይኗ ነው። ጀበናው አንገቱ ቀጭን፥ ሆዱ ሰፊ የሆነው ቡናው እንዳይገነፍልና አተላው ወደ ታች እንዲረጋ ነው። በኢትዮጵያ ምድር በቀን ስንት ጊዜ ቡና እንደሚፈላ የሚያስብ ሰው፥ የዚህች ሴት እጅ በስንቱ ቤት እንደሚገባ ይረዳል። እጇ በየቤቱ ይገባል፤ እርስዋ ግን በብዙ ቤት ደጃፍ ቆማ ትቀራለች።

ነገሩ የሚያሳዝነው በዚህ ላይ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እስከ 1897 በራሱ ንጉሥ ይተዳደር በነበረው በካፋ አገር ብረት ቀጥቃጩ፥ ሸማኔው፥ ቆዳ ፋቂውና አዳኙ ከሌላው ሕዝብ ተለይተው፥ አብሮ መብላትም መጋባትም ተከልክለው ይኖሩ ነበር። ይህ ግን የካፋ ብቻ ነውር ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም። በሰሜኑም አገር ማረሻውን የሚሠራለትን ሰው ቡዳ እያለ የሚሰድብ፥ እንስራውን የምትሠራለትን ሴት በዐይኗ ትበላኛለች ብሎ የሚሸሽ ገበሬ ብዙ ነበር፤ ዛሬም ፈጽሞ አልጠፋም። ማረሻውን ይወስዳል፥ በማረሻውም ያበቀለውን እህል ይበላል፤ ከሠሪው ጋራ ግን በአንድ ገበታ አይቀመጥም።

ግእዝ የሚያውቅ ሰው ይህን ነገር ከቃሉ ሊመረምረው ይችላል። ጠቢብ ማለት ዐዋቂ፥ ብልህ፥ አስተዋይ ማለት ነው፤ ለሰሎሞን የተሰጠ ስም ነው። ከዚሁ ቃል የወጣው ጠይብ የሚለው የአማርኛ ቃል ግን በሕዝብ አፍ ሲዞር ውሎ ለአንጥረኛና ለሸክላ ሠሪ የሚወረወር ስድብ ሆኖ ተገኘ። የምስጋና ቃል ወደ ስድብ ሲለወጥ የተለወጠው ቃሉ ብቻ አይደለም፤ የሕዝቡ ሚዛን ተዛብቷል ማለት ነው። ሥራን የሚንቅ ሕዝብ ደግሞ የሌላውን ሕዝብ ሥራ በገንዘቡ ሲገዛ ይኖራል።

መንግሥት ይህን ነውር ሳያውቀው አልቀረም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ባለ እጅን በሥራው ምክንያት መስደብን ከልክለዋል። አዋጁ ከወጣ ከ100 ዓመት በላይ ሆኖታል። ዛሬም በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆኑን ደንግጓል። እንግዲህ የሕግ ጉድለት የለም፤ የጎደለው ሕጉ ከወረቀቱ ወርዶ ወደ ገበታና ወደ ጋብቻ፥ ወደ እድርና ወደ ማኅበር መግባቱ ነው። በዚህ ጕዳይ ላይ ደግሞ ከዳኛ ይልቅ የካህን ቃል ይሰማል።

ካህናት ስለዚህ ነገር የሚያስተምሩበት ምስክር ከእጃቸው የራቀ አይደለም። በኦሪት ዘፀአት በ31ኛው ምዕራፍ የደብተራ ኦሪት ሥራ ለባስልኤልና ለኤልያብ ሲሰጥ፥ ወርቅ የሚያነጥሩበትና ዕንጨት የሚጠርቡበት ጥበብ የእግዚአብሔር መንፈስ ስጦታ መሆኑ ተጽፏል። መጽሐፈ ሲራክም በ38ኛው ምዕራፍ ስለ ጠራቢው፥ ስለ ብረት ሠሪውና ስለ ሸክላ ሠሪው ተናግሮ፥ ያለ እነርሱ ከተማ እንደማይጸና ይመሰክራል። ጌታ ራሱ በናዝሬት ጠራቢ ተብሎ መጠራቱን፥ ቅዱስ ጳውሎስም ድንኳን እየሰፋ መኖሩን የማያነብ ካህን የለም። በቅኔ ማኅሌት የሚመታው ከበሮ ከዕንጨት ተፈልፍሎ በጠፍር የተወጠረ ነው፤ መቋሚያውን የጠረበው፥ ጸናጽሉን ያነጠረው፥ ብራናውን የፋቀው ባለ እጅ ነው። የእጁ ሥራ ወደ ቅኔ ማኅሌትና ወደ መቅደስ ከገባ፥ ሠሪው ከምእመናን ማኅበር በምን ምክንያት ይገፋል? ይህን ጥያቄ በሰንበት ዐውደ ምሕረት ላይ በግልጥ የሚያነሣ መምህር ብዙ አዋጅ ሊሠራ ያልቻለውን ይሠራል።

የንቀቱ ጉዳት ደግሞ በተናቀው ሰው ላይ ብቻ አይቀርም። የባለ እጅ ልጅ አባቱ ሲሰደብ እያየ ካደገ የአባቱን መሮ አያነሣም፤ ስሙን ለውጦ ወደ ማይታወቅበት ከተማ ይሄዳል። ይህ ዕውቀት በመጽሐፍ የተጻፈ ስላልሆነ አንድ ትውልድ ሳይቀበለው ካለፈ ጠፋ ማለት ነው፤ ገንዘብ ቢሰበሰብም ተመልሶ አይገዛም። በባዶው ስፍራ የሚገባው የፕላስቲክ ወንበር፥ የፕላስቲክ ባልዲና የፕላስቲክ ቅርጫት ነው። እነዚህ ዋጋቸው ርካሽ፥ ክብደታቸው ቀላል መሆኑ አይካድም፤ ነገር ግን ሲሰበሩ ለማገዶ አይሆኑም፥ በስብሰውም አፈር አይሆኑም፥ የተከፈለባቸውም ገንዘብ አብዛኛው ከአገር ወጥቶ ይሄዳል።

አንዳንድ የደን ጠባቂ ሹማምንት በዚህ ላይ የሚያነሡት ክርክር አለ። ባለ እጅ ራሱ ዛፍ ቆራጭ ስለ ሆነ ደኑን የሚያጠፋ እርሱ ነው ይላሉ። ክርክሩ በእውነት መመዘን ይገባዋል። ከአንድ ግንድ በርጩማ ሲፈለፈል ብዙው ዕንጨት ፍርፋሪ ሆኖ እንደሚወድቅ እርግጥ ነው፤ ቀፎም ከግንድ ሲፈለፈል እንዲሁ ነው። ነገር ግን በደቡብ ምዕራብ ደኑን በየዓመቱ የሚያሳንሰው በዋናው ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም ደን ተመንጥሮ የእርሻ መሬት መሆኑ፥ ሰፈራው፥ ሰፋፊው የቡናና የሻይ ተክል፥ ማገዶውና ከሰሉ፥ በሌሊት በጭነት መኪና የሚወጣው ሳንቃ ነው። የመነጠረው ሰው ዛፉን ሁሉ በአንድ ቀን አቃጥሎ ጤፍ ወይም በቆሎ ይዘራበታል፤ ጠራቢው ግን አንዱን ዋንዛ ለብዙ ዕቃ ያብቃቃዋል፥ ዕቃውም ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። ከአንድ ዛፍ ብዙ ዋጋ የሚያገኝ ሰው ብዙ ዛፍ መቁረጥ አያስፈልገውም። ከአንድ ዛፍ ጥቂት ዋጋ የሚያገኘው ከሰል አክሳይ ግን ኑሮውን ለመቻል ብዙ ዛፍ መጣል ግዴታ ይሆንበታል። እንግዲህ የባለ እጁን ዋጋ ከፍ ማድረግ ዛፉን ማዳን ነው።

ሕጉም ይህን ልዩነት እንዲያይ ያስፈልጋል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ኮሶ፥ ዋንዛ፥ ዝግባና ጽድ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር፤ ዛፎቹ እየተመናመኑ ስለ ነበር ክልከላው ምክንያት ነበረው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን ልማት፥ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065 ደግሞ ደን የግል፥ የማኅበረሰብ፥ የማኅበርና የመንግሥት ሊሆን እንደሚችል አውቆ ሰፊ በር ከፍቷል። ይህ በር ለባለ እጁ ታላቅ ነገር ነው፤ ማኅበር አቁሞ የራሱን ዋንዛና የራሱን ቀርከሃ ተክሎ ሊሠራበት ይችላልና። ነገር ግን በኬላ የቆመ ዘበኛ ሳንቃ የጫነውን መኪናና በትከሻው ሁለት በርጩማ የያዘውን ድኻ በአንድ ዐይን ያየ እንደ ሆነ፥ መኪናው በገንዘብ ያልፋል፥ ድኻው በርጩማውን ተቀምቶ ይመለሳል። ሕግ ብርቱውን አሳልፎ ደካማውን የሚይዝ መረብ እንዳይሆን መጠንቀቅ የአስፈጻሚው ፈንታ ነው።

የደን አገር ባለ እጅ በመንግሥት ጥበቃ ምን ያህል ሊደርስ እንደሚችል ለማወቅ የሌላውን አገር ታሪክ ማየት ይጠቅማል። በጀርመን አገር ሽቫርትስቫልድ፥ ትርጓሜውም ጥቁር ደን፥ የሚባል ተራራማ አገር አለ። በዚያ የሚኖሩ ገበሬዎች ክረምቱ ረጅም፥ በረዶውም ብርቱ ስለ ሆነ በቤታቸው ተቀምጠው ከደኑ ዕንጨት ሰዓት መሥራት ከጀመሩ ከ300 ዓመት በላይ ሆኗል፤ በመጀመሪያ ጊዜ የሰዓቱ ጥርስ ሳይቀር ከዕንጨት ነበር። ከዘመን በኋላ የፋብሪካ ሰዓት በርካሽ ዋጋ መጥቶ ገበያቸውን ሲያጠብባቸው፥ የባደን መንግሥት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1850 በፉርትቫንገን ከተማ የሰዓት ሥራ ትምህርት ቤት አቆመ፤ ሮበርት ጌርቪግ የተባለውንም መሐንዲስ አለቃ አደረገው። በዚያው ዓመት ለሰዓቱ አዲስ መልክ የሚያወጣ ሰው እንዲወዳደር ተጠየቀ፤ ፍሪድሪሕ አይዘንሎር የተባለ የሕንጻ ነዳፊም በባቡር ሐዲድ ዘበኛ ቤት አምሳል መልክ አወጣ። ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚሸጠው ወፍ የሚጮህበት የዕንጨት ሰዓት መልኩን ያገኘው ከዚያ ነው። ልብ ሊባል የሚገባው ነገር መንግሥት ለባለ እጆቹ ምጽዋት አለመስጠቱ ነው፤ የሰጣቸው ትምህርት ቤት፥ መልክና ገበያ ነው። ዕንጨቱና እጁ ከዚያ በፊትም የእነርሱ ነበር።

በኢትዮጵያም የሚያስፈልገው ከዚህ የራቀ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የተቋቋመው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልልና ጎረቤቱ የኦሮሚያ ክልል በዚህ ነገር ተባብረው ቢሠሩ ሥራው ሊጀመር ይችላል። አንደኛ፥ በየዓመቱ በክረምት በሚደረገው የችግኝ ተከላ ከባሕር ዛፍ ጋራ ዋንዛ በብዛት ይተከል፤ ዋንዛ በእርሻ ዳርና በቡና ጥላ ውስጥ በመልካም ሁኔታ የሚያድግ፥ ለባለ እጅም የሚሆን ዛፍ ነው። ሁለተኛ፥ በነፋስና በእርጅና የወደቀ ዛፍ በደን ውስጥ ሁሉ እንዳለ እንዳይበሰብስ፥ ለደኑ ሕይወት የሚያስፈልገው ከተተወ በኋላ የሚተርፈው በወረዳው ፈቃድ ለተመዘገቡ ባለ እጆች ይሰጥ፤ ዕቃው በመንገድ እንዳይያዝም የታወቀ ማኅተም ይደረግበት። ሦስተኛ፥ በየሙያ ትምህርት ቤቱ ሽማግሌው ጠራቢ እንደ መምህር ተቀጥሮ ወጣቱን ያስተምር፤ ወጣቱም ከእርሱ ጋራ መጋዝና መላጊያ መጠቀምን፥ ዕንጨት አገጣጥሞ መሥራትን ይማር፤ ከፍርፋሪ የሚተርፈው ዕንጨት በዚህ መንገድ ይበዛልና። አራተኛ፥ ቀፎ ለሚሰቅሉና ቀርከሃ ለሚሠሩ ሰዎች በአዋጁ እንደ ተፈቀደው በማኅበር ስም ደን ይሰጣቸው፤ የኮቦን የመሰለው የቆየ ሥርዓትም ሳይፈርስ በጽሑፍ ይመዝገብ።

አምስተኛው ነገር ከሁሉ ይልቅ ለሹማምንት ቅርብ ነው። የየመሥሪያ ቤቱ ወንበር፥ ጠረጴዛና መደርደሪያ ከወዴት ተገዝቶ እንደ መጣ እያንዳንዱ ሹም ዞር ብሎ ይመልከት። በዋንዛና በቀርከሃ አገር ተቀምጦ ከባሕር ማዶ በመጣ የተጣበቀ የዕንጨት ዱቄት ላይ የሚጽፍ መሥሪያ ቤት፥ ስለ እጅ ሥራ ክብር የሚያወጣው ማስታወቂያ ማንንም አያሳምንም። መንግሥት በአገሪቱ ካለው ገዥ ሁሉ የሚበልጥ ገዥ ነው፤ የወረዳው፥ የትምህርት ቤቱና የጤና ጣቢያው በርጩማና ሰሌዳ ከአካባቢው ባለ እጅ በሚገባ ዋጋ ቢገዛ፥ አንድ ሺህ ስብከት የማይሠራውን ይሠራል። ባለ እጁም ዋጋ ሲያገኝ ልጁን ሳያፍር ያስተምራል።

ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አይደለም። ከገንዘቡ ይልቅ የሚጠይቀው የልብ መለወጥ ነው። ሹሙ ባለ እጁን በጽሕፈት ቤቱ ተቀብሎ እንደ ዐዋቂ ምክር ቢጠይቀው፥ ካህኑም በማኅበሩ ገበታ ከጎኑ ቢያስቀምጠው፥ ወጣቱ የአባቱን መሮ እንደ ርስት ይቀበላል። ዛፉ እየቆመ ሠሪው ከጠፋ ጫካው የማያናግር መጽሐፍ ይሆናል፤ ሠሪው እየኖረ ዛፉ ከጠፋ መምህሩ መጽሐፍ አልባ ይሆናል። ሁለቱ አብረው እንዲቆዩ ጊዜው ገና አላለፈም፤ በካፋና በሸካ ደኑ አለ፥ በጅማም መሮው ገና ይሰማል። የሚቀረው በሥልጣን ያለውና በመስቀል የሚባርከው ለጠቢቡ የጥንት ስሙን መመለስ ነው።